ከጣራ ገዳም ሥር የሚጀምር ትምህርት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለጥሪ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች የአካባቢ ጥበቃን በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ውስጥ ስለማካተት እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። ርእሱ የመምህራን ስብሰባ እንጂ የገበሬ በዓል አይመስልም። ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ እህል ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መስማት የምትፈልጉ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። ቆም ብዬ ሳስበው ግን ጉዳዩ ከእኛ ከመምህራኑ ይልቅ የእናንተ ሆኖ አገኘሁት። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ልጅ ነገ ተመልሶ የሚሠራው በእናንተ መሬት ላይ ነው። የመንገድ ቱቦ የሚቀብረው መሐንዲስ፣ የማኅበሩን ሒሳብ የሚመረምረው ኦዲተር፣ የጤና ጣቢያው ባለሙያ፣ የወል መሬት ክርክር የሚያየው ዳኛ ሁሉም ከእኛ ክፍል ወጥተው ወደ እናንተ ቀበሌ ይመጣሉ። ስለ አፈርና ስለ ውኃ ሳያውቁ ከተመረቁ ዕዳውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ነገሩን ሁላችሁም ከምታውቁት ቦታ ልጀምር። ጣራ ገዳም በሊቦ ከምከም ወረዳ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ነው። በዙሪያው ያለው ተራራና ማሳ ሲራቆት ገዳሙ ደኑን ይዞ ቆይቷል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ከመኪና መስኮት አይቶት ያልፋል። ወይራው፣ ዋንዛው፣ ዶቅማው፣ አጋሙና ክትክታው በዕቅድና በበጀት የተተከሉ አይደሉም። ያቆያቸው የገዳሙ ሥርዓትና የሕዝቡ ክብር ነው። ስለዚህ ስለ አካባቢ ጥበቃ ትምህርት ስንናገር መጀመሪያ ማስታወስ ያለብን መምህሩ ቀድሞ እዚያው እንደነበረ ነው።

በዚህ ዞን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ከተሠሩት ጥናቶች መካከል የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ሥራ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ዶክተር ዓለማየሁ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ የዶክትሬት ጽሑፋቸውንም እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ በሚገኘው በቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ አቅርበዋል። ከሥራቸው ውስጥ ለእናንተ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው ስለ ዘር ነው። ብዙዎቻችን ደን ቢቆረጥም ዘሩ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቆይ ቦታው ከተከለለ ተመልሶ ይበቅላል ብለን እናስባለን። ዶክተር ዓለማየሁና ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ ከቤተ ክርስቲያን ደኖች ወለል አፈር ወስደው ሲፈትሹ ግን አብዛኞቹ የአገር በቀል ዛፎች በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ዘር እንደማያከማቹ አገኙ። በአፈሩ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። እናት ዛፉ ከሌለች ዘሩም የለም ማለት ነው። እንግዲህ የጣራ ገዳም ደን ለዚህ አካባቢ ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል፤ የዘር ጎተራችን ነው። እናንተ የምርጥ ዘር መጋዘን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ በጠቅላላ ጉባኤ ትከራከራላችሁ። ይህኛው ጎተራ ግን ቁልፍ የለውም።

ሁለተኛው ስለ አጥር ነው። የከብት ንክኪ በተከለከለበት የደን ክፍል የሚበቅለውና በሕይወት የሚቆየው ችግኝ ክፍት ከሆነው እንደሚበልጥ በጥናቱ ታይቷል። ይህን ገበሬ አያውቀውም ነበር ማለቴ አይደለም። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱን ሰበሰቡ፤ ከሰማይ የተነሣ የደኖቻቸውን ምስልም አሳዩአቸው። ካህናቱ ደኑ እንዴት እየጠበበ እንደሄደ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በበርካታ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠራ። ድንጋዩ የተለቀመው ከገበሬው ማሳ ስለሆነ ደኑ አጥር ሲያገኝ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ። ጥናቱ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ቢቀር ኖሮ ይህ ካብ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት ልምጣ። በጣራ ገዳም ደን ላይም የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጥናት አድርገዋል፤ የዛፎቹን ዓይነትና የችግኞቹን ሁኔታ መዝግበዋል፤ ደኑ በውስጡ የያዘውን ካርቦን የለኩም አሉ። ጽሑፎቹ የታተሙት በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔት ነው። ከአዲስ ዘመን ወጥቶ ሽቅብ የሚሄድ አንድ ገበሬ ስለ ራሱ ደን የተጻፈውን ማንበብ አይችልም። እኔም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ሄጄ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ስንለካ ዋልን። ማታ ልንመለስ ስንል አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ቆጠራችሁ፤ እሰየው። ቆጥራችሁ ለማን ነው የምትናገሩት?» አሉን። ተማሪዎቹ ወደ እኔ አዩ። እኔ ደግሞ መልስ ስላልነበረኝ «ለዩኒቨርሲቲው» አልኳቸው። «ዩኒቨርሲቲው ከብት አለው?» ብለው ጠየቁኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ከብት የሚነዳው ሰው ካልሰማ ቆጠራው ለማን ነው?

ስለ ትምህርቱ አሠራር ጥቂት ላስረዳ። ሰዎች አካባቢ ጥበቃ በዩኒቨርሲቲ ይካተት ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ለሁሉም ተማሪ አንድ ተጨማሪ ኮርስ መስጠትን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ብዙ አያራምደንም። የየትምህርት ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሳሳይ እንዲሆን የተዘጋጀ ስለሆነ አንድ ዩኒቨርሲቲ በራሱ ፈቃድ ኮርስ ልጨምር ቢል በቀላሉ አይሆንለትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተመራቂዎች ሁሉ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ ተደርጓል። ፈተናው የማይጠይቀውን ነገር ተማሪው አያጠናም፤ መምህሩም ጊዜ አይሰጠውም። በአንደኛ ዓመት የሚሰጠው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ኮርስ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ አፈርና ስለ ዕፅዋት ያስተምራል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ተማሪው ያንን ኮርስ ጨርሶ ወደ ምሕንድስና ወይም ወደ ሒሳብ አያያዝ ሲገባ አፈሩን እዚያው አንደኛ ዓመት ላይ ትቶት ይሄዳል።

መምህሩ ነጻነት ያለው በሌላ ቦታ ነው። ኮርሱ የማይለወጥ ቢሆንም በኮርሱ ውስጥ የሚሰጠው የቤት ሥራ፣ የመስክ ጉብኝቱ፣ የተግባር ልምምዱና የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ በመምህሩና በትምህርት ክፍሉ እጅ ነው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የትርፍና ኪሳራ መግለጫ መሥራት አለበት፤ የማን መግለጫ ይሥራ የሚለውን ግን እኛ እንወስናለን። ለውጡ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ሊቦ ከምከም ብቻውን ለሁሉም የትምህርት ክፍል ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ሜዳ የደረሰውን ጎርፍ የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ውኃው የሜዳው ቢመስልም የመጣው ከላይ ነው። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። ደጋው ሲታረስና ሲራቆት አፈሩ ይታጠባል፤ ደለሉ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርገዋል፤ ወንዙም ከዳርቻው ይወጣል። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የጎርፍ መጠን ማስላት ይማራል። ነገር ግን ስሌቱን የሚሠራበት ወንዝ ርብ እንዲሆን ማንም አላስገደደውም፤ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ የተቀዳ የሌላ አገር ወንዝ ነው።

የጤናውን ክፍል ደግሞ እንይ። በ1997 ዓ.ም. በዚያው በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ተረጋገጠ። ሕመሙ መጀመሪያ ወባ መስሎ በወባ መድኃኒት ሲታከም ነበር፤ አልድን ሲል ነው ሌላ በሽታ መሆኑ የታወቀው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው ተይዘው ተመዝግበዋል፤ ሕይወታቸውን ያጡም ብዙ ናቸው። በሽታውን ወደ አካባቢው ያመጡት ለአጨዳና ለአረም ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርዱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታመናል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ሲሆን፣ በተደረገው ጥናት ከግራር ሥር ማደር ለበሽታው ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ይህን በሽታ የሚያስተምር መምህር ስለ መሬት ጥበት፣ ስለ ቀን ሥራ ፍልሰትና ስለ ዛፍ ሳያነሣ እንዴት ሊያስተምር ይችላል? የደጋው መሬት ወጣቱን መቀለብ ሲያቅተው ወጣቱ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። ይህ የጤና ትምህርት ነው፤ የአካባቢ ትምህርትም ነው።

ይህን ስል አዲስ ነገር የፈጠርሁ እንዳይመስላችሁ። በዚህ በጎንደር ምድር ከሰባ ዓመት በፊት ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር፤ ምንጭ ማጎልበትና መጸዳጃ ማስቆፈር የትምህርቱ አካል እንጂ የበጎ ፈቃድ ሥራ አልነበረም። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ለሰው ጤና የሠራው ለመሬት ጤና የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም አለ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር በተፋሰስ ጉዳይ ሁለተኛ ዲግሪ ያስተምር ነበር። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለው በደብረ ማዊ ተፋሰስ ነው። እዚያ ቦረቦሮችን በየክረምቱ ሲለኩ ያገኙት ለእናንተ የሚጠቅም ነው። ከቦረቦር የሚወጣው አፈር ከተዳፋት ማሳ ከሚታጠበው እጅግ ይበልጥ ነበር። ቦረቦሩ የሚሰፋው ደግሞ በዳገቱ ላይ ሳይሆን በግርጌው፣ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ አፈሩ በረሰረሰበት ቦታ ነው። እኛ ግን በየዓመቱ በጥር ወር ለተፋሰስ ሥራ ስንወጣ ዳገቱን እርከን እንሠራለን፤ ግርጌው እየተናደ ይቀጥላል። ሁለቱም ያስፈልጋል። ይህን ያወቁት ተማሪዎች ዝናብ እየመታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው በመለካታቸው ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም ዩኒየን ያለ ሒሳብ አይቆምምና። ብዙ አባላት ማሳቸውን ወደ ባሕር ዛፍ ለውጠዋል። አልፈርድባቸውም፤ ማዳበሪያ ዋጋው ሰማይ በነካበት ጊዜ ያለ ማዳበሪያ የሚያድግ ሰብል ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የሒሳብ ተማሪ የባሕር ዛፍ ማሳ ትርፍ ስንት ነው ቢባል ወጪና ገቢውን አስልቶ ያመጣል። ከአጠገቡ ያለው የጎረቤት ጤፍ በጥላውና በሥሩ ምክንያት የቀነሰውን ምርት ግን አይመዘግብም፤ ምክንያቱም የሌላ ሰው ኪሳራ ነው። ዩኒየን ግን የሁለቱም ጎረቤቶች ነው። በዩኒየን ሒሳብ ያ ኪሳራ መታየት አለበት።

የአዊውንም ጉዳይ ሰምታችኋል። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሰብል ጋር፣ ኋላም ለከሰል እየቆረጡ ብዙ ገንዘብ አገኙ። አሲዳማ ሆኖ ሰብል እምቢ ያለው መሬትም በማሳረፉ አገገመ። ዘዴውን ያስፋፋው ገበሬው ራሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ደርሰው ያጠኑት ከተስፋፋ በኋላ ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የቅጠል ዋግ መጥቶ ተክሉን በሰፊው አወደመው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አገር ሲሞላ አንድ በሽታ ሁሉንም ይወስዳል። ይህን ለገበሬው አስቀድሞ መንገር የእኛ የመምህራኑ ድርሻ ነበር፤ ዘግይተናል።

ለተከበራችሁ የመንግሥት ኃላፊዎችም አንዲት ቃል አለችኝ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ እንተክላለን፤ ተማሪዎቻችንም ይወጣሉ። በሪፖርታችን ላይ ጎልቶ የሚወጣው የተተከለው ቁጥር ነው። የስታቲስቲክስ ተማሪዎች በየዓመቱ መስከረምና ግንቦት ላይ ወጥተው በናሙና የጸደቀውን ቢቆጥሩ፣ ለወረዳው የሚጠቅም መረጃ ይገኛል፤ ለተማሪው ደግሞ ናሙና አወሳሰድን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ቁጥሩ ደስ የማያሰኝ ሆኖ ቢመጣ ተማሪው እንዳይወቀስ ግን ቃል ሊገባለት ይገባል።

እንግዲህ ከእናንተ የምጠይቀው ምንድን ነው? የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው፤ ሰባተኛው ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው። እነዚህን በየመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ጽፋችኋቸዋል። እስካሁን አምስተኛውን የተረዳነው ባለሙያ መጥቶ ለአባላት ሥልጠና እንደሚሰጥ ብቻ ነው። እናንተም አስተማሪ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ለምሳሌ ያህል፣ በየዓመቱ ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት መሠረታዊ ማኅበራቱ ያስቸገሯቸውን ጥያቄዎች ይሰብስቡ። ኖራ በየትኛው ማሳ ላይ ዋጋውን ይመልሳል? ከሩዝ መፈልፈያው የሚወጣው ገለባ ምን ይሁን? በጎተራ ለነቀዝ የምንጠቀምበት መድኃኒት ለቤተሰብ ምን ያህል ያሰጋል? ወደ ጣና የሚወርደው ማዳበሪያና ደለል እምቦጩን ይመግባል የሚባለው በእኛ ቀበሌ ምን ያህል እውነት ነው? ከዚህ በላይ ያለው ጅረት ድልድዩን ካለፈ በኋላ ለምን ማሳ ይንዳል? ይህ ዝርዝር ለደብረ ታቦር፣ ለባሕር ዳርና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በደብዳቤ ይላክ። ደብዳቤው ለግብርና ክፍሉ ብቻ አይሁን፤ ለምሕንድስናው፣ ለጤናው፣ ለሕጉና ለሒሳቡም ይድረስ። የመመረቂያ ርእስ ፍለጋ በየዓመቱ የሚንከራተት ተማሪ ብዙ ነው። ርእስ ሲያጣ ቀድሞ የተሠራውን ቦታ ቀይሮ ይገለብጣል። የእናንተ ጥያቄ ቢደርሰው ከዚያ ይድናል።

ተማሪው ሲመጣ ማሳና መዝገብ አሳዩት። በምትኩ ግን አንድ ነገር ያለ ማመንታት ጠይቁ፤ ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፎ በጠቅላላ ጉባኤያችሁ ፊት ቆሞ ያንብብ። ጥያቄ ጠይቁት። እኛ መምህራን የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እናርማለን፤ ነገሩ እውነት መሆኑን ግን ከእናንተ የተሻለ የሚያርም የለም። ከሚሰጠው ውጤት ላይ ጥቂት ነጥብ በእናንተ ፊርማ እንዲያዝ በየትምህርት ክፍላችን ማስወሰን ይቻላል፤ የድርጅት የተግባር ልምምድ ኃላፊዎች ለተማሪ ነጥብ ሲሰጡ ኖረዋልና።

ችግሩን አልደብቅም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት ተማሪን ወደ መስክ ይዞ መውጣት ከባድ ሆኗል። የትምህርት ጊዜ ተቆራርጧል። ለተሽከርካሪና ለነዳጅ የሚያዘው በጀት ትንሽ ነው። መንገድ ሲዘጋ መስኩ ይቀራል፤ ትምህርቱም ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። ይሁን እንጂ በርካታ ተማሪዎች የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ለዕረፍት ወደ ቤታቸው ይገባሉ። አንድ ተማሪ በአባቱ ማሳ ግርጌ ያለውን ቦረቦር በክረምቱ መጀመሪያና መጨረሻ በገመድ ለመለካት አውቶቡስ አያስፈልገውም። የትኛው ዛፍ አበባና ፍሬ በየትኛው ወር እንደሚይዝ ከአያቱ ጠይቆ ለመጻፍም እንዲሁ። የዘር ጊዜ መዝገብ ለችግኝ ጣቢያዎቻችን ያለውን ጥቅም እናንተ ታውቁታላችሁ፤ የአገር በቀል ዛፍ ዘር በወቅቱ ባለመለቀሙ ብዙ ጣቢያ ባሕር ዛፍ ብቻ ሲያፈላ አይተናል።

እኔ በበኩሌ በሚመጣው ሰሚስተር የማስተምራቸውን ተማሪዎች የመስክ ሥራ ከዚህ ዩኒየን አባል ማኅበራት በአንዱ ለማድረግ ለትምህርት ክፍሌ ጥያቄ አቅርቤያለሁ። የትኛው ማኅበር እንደሚቀበለን በዛሬው ዕለት ከቦርዱ ጋር ብንነጋገር ደስ ይለኛል። ከዚህ በፊት «ለማን ነው የምትናገሩት?» ብለው ለጠየቁን አባትም የለካነውን የደን ዝርዝር በአማርኛ ጽፌ ይዤ ወጥቻለሁ፤ በዓሉ እንዳበቃ ወደ ቀበሌያቸው እወስድላቸዋለሁ።